ጭራው የት ገባ?

ጥያቄው የመጣው ከባሕር ዳር፣ ከሽምብጥ ነው። የጻፉልን አንዲት እናት ናቸው። ባጭሩ እንዲህ ይላሉ፦

«ልጄ ሰባት ዓመቱ ነው። በሐምሌ ከጣና ዳር፣ ከደንገሉ ሥር፣ ጭራ ያላቸው ጥቋቁር ነገሮች በጀሪካን ቀድቶ መጣ። ጎረቤቶች የእንቁራሪት ልጆች ናቸው አሉት። ግቢ ውስጥ በባልዲ አስቀመጥናቸው። አሁን ግማሾቹ የኋላ እግር አውጥተዋል። የሁለቱ ጭራ እያጠረ ነው። ሌሎቹ ግን እንደመጡ ናቸው። ልጄ ‹ጭራው የት ገባ? ማን ነው እግር አውጣ ያለው?› እያለ ያደርቀኛል። ሆርሞን ነው አልኩት። ‹ታዲያ አንድ ሆርሞን እግሩን አሳድጎ ጭራውን ለምን ያጠፋል?› አለኝ። መልስ አጣሁ። ታላቅ እህቱ ደግሞ ‹ጂኗ ተቀይሮ ነው› አለች። በዚህ ላይ ጎረቤቴ አዮዲን ያለው ጨው ብትጨምሩ ቶሎ ይለወጣሉ አለችን። እውነት ነው?»

ከጨው ልጀምር፤ እሱ ጊዜ አይሰጥም። እህቴ፣ እባክዎ አይጨምሩ። የእነዚህ እንስሳት ቆዳ ስስ ነው። ጨው ከሰውነታቸው ውስጥ ውሃውን ይስባል፤ ሳይለወጡ ይሞቱብዎታል። ጎረቤትዎ ግን ዝም ብለው ከሜዳ ተነስተው አልተናገሩም። አዮዲን በዚህ ነገር ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው። እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ልጅዎ። «ጭራው የት ገባ?» ለሚለው አጭር መልስ አለ፦ በላው። በአፉ አይደለም፣ በውስጡ። ጭራው ይፈርስና ፍራሹ ወደ ደም ገብቶ ለቀረው አካል ስንቅ ይሆናል። «አንድ ሆርሞን እንዴት አንዱን አሳድጎ ሌላውን ይገድላል?» የሚለው ግን ስንቱ ተመራማሪ ዕድሜውን የጨረሰበት ጥያቄ ነው። ልጁ ይህን ካለ ባልዲውን አይንጠቁት።

በስም እንስማማ። ጭራ ያላትን የእንቁራሪት ልጅ «እጭ» እላታለሁ። እጭ ወደ እንቁራሪት የምትለወጥበትን ሂደት ደግሞ ሳይንሱ ሜታሞርፎሲስ ይለዋል።

እግርና ጭራ ዓይን ውስጥ ስለሚገቡ ነው የምናወራላቸው እንጂ ዋናው ግርግር ሆድ ውስጥ ነው። አንዷን በብርጭቆ ቀድተው ወደ ብርሃን ያዙና ሆዷን ከሥር ይዩት። እንደ ሽቦ የተጠቀለለ ነገር አለ። አንጀቷ ነው። እጭ የምትበላው አልጌና ብስባሽ ነው፤ ለዚህ ረጅም አንጀት ያስፈልጋል። እንቁራሪት ግን ትንኝና ትል በላ ናት። ስለዚህ አንጀቱ አጥሮ፣ የውስጥ ሽፋኑ ሞቶ፣ በአዲስ ይተካል። ቤተ ሙከራ ውስጥ ብዙ በተጠናችው ዜኖፐስ በምትባለው የአፍሪካ እንቁራሪት ላይ ርዝመቱ ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል። ውሃ ውስጥ የምትተነፍስበት ስንጥብ ይጠፋል፤ ሳንባ ይረከባል። አልጌ መፋቂያው ትንሽ አፍ ወልቆ ሰፊ አፍ ይመጣል። ጉበት ቆሻሻን በአሞኒያ መልክ ማስወጣቱን ትቶ ዩሪያ መሥራት ይጀምራል። በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ሳይቀር በሌላ ዓይነት ይተካል።

ወጥ ቤቱ እየፈረሰ ምግብ አይበስልም። እጭም በዚያ ሰሞን አትበላም። ጾሙን የምታልፈው በጭራዋ ነው። ሁለቱ ጭራቸው ያጠረው ልጆች ጎመን ቢሰጧቸው ዞር ብለው አያዩትም፤ ታመሙ ብለው አይስጉ።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ተማሪ ሳለሁ ሃያ የሚሆኑ እጮች በሳፋ አሳደግኩ። ጎመን እየቀቀልኩ፣ ውሃ እየቀየርኩ። የፊት እግር ሲያወጡ ጮቤ ረገጥኩ። በማግስቱ ጠዋት መጥቼ ሳይ አምስቱ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈዋል። ሰምጠው ነው የሞቱት። እንቁራሪት ውሃ ውስጥ ሰምጣ! ስንጥባቸው እየጠፋ፣ መተንፈሱ ወደ ሳንባ ዞሮ ነበር። እኔ ደግሞ የሚወጡበት ድንጋይ አላኖርኩም። ዛሬውኑ ባልዲው ውስጥ ከውሃው በላይ ብቅ የሚል ድንጋይ ያስቀምጡ። የቀረውን ከዚያ በኋላ ያንብቡ።

ወደ ሆርሞኑ እንግባ። ሆርሞን ማለት ዕጢ ሠርቶ በደም የሚልከው መልእክት ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። በ1912 ጉደርናች የሚባል ተመራማሪ ለእጮች የእንስሳት ዕጢና ሌላ ሌላ የአካል ክፍል ማብላቱን ጻፈ። የታይሮይድ ዕጢ የበሉት እጮች ጉድ አሳዩ። ገና ሳያድጉ እግር አውጥተው፣ ጭራቸውን ጥለው፣ ሚጢጢ እንቁራሪት ሆኑ። በ1916 ደግሞ አለን የተባለ ሌላ ተመራማሪ ነገሩን ገለበጠው። ከትናንሽ እጮች ላይ የታይሮይድ ዕጢውን አወጣ። እነዚያ መቼም እንቁራሪት አልሆኑም። እጭ እንደሆኑ እያደጉ፣ እየወፈሩ ቀጠሉ። ሲሰጣቸው ቸኮሉ፣ ሲነሳቸው ቀሩ። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ ከየት ይመጣል?

ይህ ዕጢ የእጭም የእኛም ጉሮሮ ሥር አለ። እኛ ሀገር ሲያብጥ እንቅርት የምንለው እሱ ነው። የሚሠራው ሆርሞን ዋና ጥሬ ዕቃ አዮዲን ነው። አራት አዮዲን የያዘው ታይሮክሲን ይባላል፤ ባለሙያዎች ቲ4 ይሉታል። ሦስት የያዘው ቲ3 ነው። ዕጢው በብዛት የሚለቀው ቲ4ን ቢሆንም ጉልበቱ ያለው ቲ3 ላይ ነው። ይህን ልብ ይበሉልኝ፣ ኋላ ይጠቅመናል።

ዕጢውን ማን ያዘዋል? አንጎል። አንጎል ከሥሩ ላለችው ፒቱታሪ ለምትባል ዕጢ ይነግራል፣ ፒቱታሪ ለታይሮይድ። በእጭ ላይ የሚገርመው ከአንጎል የሚወጣው ትእዛዝ ነው። በእኛ ሰውነት ውስጥ ጭንቀት ሲመጣ የሚለቀቀው ያው ሲአርኤች የሚባለው ሆርሞን ነው በእጭ ታይሮይዱን የሚቀሰቅሰው። ጭንቀትና ለውጥ በአንድ ገመድ ታስረዋል ማለት ነው። በሰሜን አሜሪካ በረሃ ውስጥ ዝናብ ባቆረው ኩሬ እንቁላል የሚጥሉ ጉርጦች አሉ። ኩሬው መድረቅ ሲጀምር የእጮቹ ሲአርኤች ይጨምራል፤ ታይሮይዱም ይነሳል። ጭራቸውን ቶሎ ጥለው ይወጣሉ። ትንሽ ሆነው ይወጣሉ፣ ግን ይወጣሉ።

የእርስዎ ባልዲ ውስጥ እኩል ያልሄዱትም በከፊል በዚህ ነው። የጠገበችና የተመቻት እጭ ምን አስቸኮላት? ውሃ ውስጥ ሆና ታድጋለች። በጣም ትንሿ ደግሞ ለመቸኮል የሚያበቃ አካል የላትም፤ ትልልቆቹ ምግቡን ይሻሟታል። ሙቀቱም አለ። እኛ ያለነው 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ክረምቱ ደመና ነው፤ ሌሊቱ ይበርዳል። ጥላ ሥር ያለ ባልዲ ፀሐይ ከሚያገኘው ይዘገያል። ደግሞ ሁሉም ከአንድ እናት መሆናቸውን በምን አወቅን? ልጁ በጀሪካን ሲቀዳ የሁለት ሦስት ዓይነት እንቁራሪት ልጆች አብረው ገብተው ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ትልቁ ጥያቄ።

የግንቦት ዝናብ ባሕር ዳር ላይ ድንገት ሲወርድ አይተዋል። በርበሬ አስጥታ የነበረችው ሴት ሰፌዷን ይዛ ትሮጣለች። ጃንጥላ ሻጩ ከተጠለለበት ብቅ ይላል። ባጃጁ መጋረጃውን ያወርዳል። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ገበሬ ሰማዩን አይቶ ስለ እርሻው ያስባል። ዝናቡ አንድ ነው። ለማንም «አንተ ሩጥ፣ አንተ ሽጥ» አላለም። እያንዳንዱ የሚያደርገውን ያደረገው በእጁ በነበረው ነገር ነው። የታይሮይድ ሆርሞንም እንደዚያው ነው። «እግር እደግ፣ ጭራ ሙት» የሚል ቃል ውስጡ የለም። ጊዜው ደረሰ ብቻ ነው የሚለው። ምን እንደሚደረግ የሚያውቀው ሰሚው ነው።

ይህ የእኔ ፈጠራ እንዳይመስልዎ። በ1933 ሽዊንድ የተባለ ተመራማሪ የእጭን ዓይን አውጥቶ ጭራዋ ላይ ተከለ። የጭራ ቁራጭ ደግሞ ወስዶ እጭ ገላ ላይ ተከለ። የለውጡ ቀን ሲደርስ ገላ ላይ የተተከለው ጭራ ጠፋ። ጭራ ላይ የተተከለው ዓይን ግን አልተነካም፤ ዙሪያው ያለው ሥጋ ሁሉ ሲሟሟ እሱ እየተሳበ መጥቶ ከወገቧ አጠገብ ተቀመጠ። ደሙ አንድ፣ ሆርሞኑ አንድ። ጭራ የትም ይሁን የት ጭራ ነው፤ ዓይንም ዓይን ነው። ትንሽ ይዘገንናል፣ አውቃለሁ። እኔ ግን ከዚህ ሙከራ የሚበልጥ መልስ ለልጅዎ ጥያቄ አላየሁም።

ታዲያ ሰሚው በምን ይሰማል? እዚህ ላይ ነው ጂን የሚመጣው። በመጀመሪያ ለታላቅ እህቱ፦ ጂኗ አይቀየርም። የጭራው ሴል፣ የእግሩ ሴል፣ የጉበቱ ሴል ሁሉም የያዙት ዲኤንኤ፣ ማለትም ጂኖቹ የተጻፉበት ክር፣ አንድ ነው። እጭ ሳለችም እንቁራሪት ስትሆንም ያው ነው። እንደ ዳዊት ያስቡት። መጽሐፉ አንድ ነው፤ የሰኞውና የማክሰኞው ምንባብ ግን ይለያያል። የሚቀያየረው የሚነበበው ክፍል ነው።

በየሴሉ ውስጥ የሆርሞኑ ተቀባይ የሚባል ፕሮቲን አለ። አልፋና ቤታ የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች አሉት። ብዙ ሰው የሚስተው ነገር እነሆ፦ ተቀባዩ ሆርሞን እስኪመጣ ውጭ ቆሞ አይጠብቅም። ቀድሞውኑ ዲኤንኤው ላይ ተቀምጧል። ሆርሞን በሌለበት ጊዜ ሥራው መከልከል ነው። ረዳቶቹን ጠርቶ ዲኤንኤው ጥብቅ ብሎ እንዲጠቀለል ያደርጋል፤ ጂኑም አይነበብም። ቲ3 መጥቶ ሲገባበት ቅርጹን ይለውጣል። ከልካይ ረዳቶቹን ያሰናብትና ከፋቾችን ይጠራል። ጥቅልሉ ይላላል፣ ጂኑ መነበብ ይጀምራል። በሩን የሚዘጋውም የሚከፍተውም ያው አንድ ዘበኛ ነው።

ዘበኛው እውነት ይዘጋ እንደነበር በምን ታወቀ? ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ጂን ቆርጦ ማጥፋት ሲቻል የአልፋ ተቀባይ የሌላቸው እጮች ተሠሩ። ሰው የሚጠብቀው «ተቀባይ ከሌለ እግር አይወጣም» ብሎ ነው። የሆነው ሌላ ነው። የኋላ እግራቸው ማደግ የጀመረው ከጊዜው ቀድሞ ነው። ዘበኛ የሌለው በር ገርበብ ብሎ ያድራልና። ነገር ግን ሁለቱም ተቀባዮች የጠፉባቸው እጮች መጨረሻው ላይ መድረስ አልቻሉም። እግር ቢያወጡም ለውጡ ጫፍ ላይ ሲደርስ ከነጭራቸው ሞቱ። መጀመር ሌላ፣ መጨረስ ሌላ።

ሆርሞኑ ቀድሞ ከሚከፍታቸው ጂኖች አንዱ የቤታ ተቀባዩ የራሱ ጂን ነው። ትንሽ ሆርሞን ብዙ ተቀባይ ያሠራል፤ ብዙ ተቀባይ ያለው ሴል ደግሞ ሆርሞኑን የበለጠ ይሰማል። ለዚህ ነው ለሳምንታት ምንም ሳይታይ ቆይቶ መጨረሻው ላይ ነገሩ በቀናት ውስጥ የሚያልቀው። ከዚያ የመጀመሪያዎቹ ጂኖች ሌሎች ጂኖችን ይከፍታሉ። ይህ ሁለተኛው ዙር በየአካሉ ይለያያል። እግር ላይ ሴል የሚያባዙና ጡንቻና አጥንት የሚሠሩ ጂኖች ይነሳሉ። ጭራ ላይ የሚነሱት አፍራሾቹ ናቸው።

አፍራሽ ስል ዝም ብሎ መበስበስ እንዳይመስልዎ። በ1966 ጃምሺድ ታታ የተባለ ባዮኬሚስት የተቆረጠ ጭራ በሳህን ላይ አኑሮ ሆርሞን ሰጠው። ጭራው ብቻውን፣ ያለ ገላ፣ ያለ ደም ዝውውር፣ ተኮማትሮ አጠረ። ጂን እንዳይነበብ ወይም አዲስ ፕሮቲን እንዳይሠራ የሚከለክል መድኃኒት ሲጨምርበት ግን ማጠሩን አቆመ። ጭራው ለመሞት መሥራት አለበት ማለት ነው። የራሱን ማፍረሻ መሣሪያ ራሱ ያመርታል።

መሣሪያው ምን እንደሆነ ከዚያ በፊት በ1962 ግሮስና ላፒዬር አግኝተውት ነበር። ሥጋን አያይዞ የሚይዘውን ኮላጅን የሚባለውን ጠንካራ ክር የሚቆርጥ ኢንዛይም ነው፤ ኢንዛይም በሰውነት ውስጥ ኬሚካዊ ሥራን የሚያፋጥን ፕሮቲን ነው። በጀርባ አጥንት ካላቸው እንስሳት እንዲህ ያለ ኢንዛይም መጀመሪያ የተገኘው ከእጭ ጭራ ነው። ዛሬ የዚህ ኢንዛይም ዘመዶች በመገጣጠሚያ በሽታና በካንሰር መሠራጨት ጥናት ውስጥ ስማቸው ሳይነሳ አይታለፍም። ከኩሬ ዳር የተለቀመ ነገር የት እንደሚደርስ ይዩ።

አንድ እንቆቅልሽ ቀረ። ሆርሞኑ በደም ሁሉም ጋ እኩል የሚደርስ ከሆነ እግሩ ለምን ቀድሞ ይወጣል፣ ጭራው ለምንስ መጨረሻ ይሄዳል? ተራው ቢገለበጥ እኮ እጯ ጭራም እግርም የሌላት ኳስ ትሆን ነበር። መዋኘት የለ፣ መዝለል የለ። ቅድም ልብ ይበሉልኝ ያልኩት እዚህ ላይ ይመጣል። ቲ4ን አንድ አዮዲን ቀንሶ ወደ ኃይለኛው ቲ3 የሚለውጥ ኢንዛይም አለ። የእግር እምቡጥ ይህን ኢንዛይም ቀድሞ ይይዛል። ስለዚህ ደሙ ውስጥ ያለችው ትንሽ ሆርሞን ትበቃዋለች። ጭራው ጋ ይህ ኢንዛይም የሚበዛው መጨረሻው ላይ ነው፤ በደም ያለው ሆርሞንም ጣሪያ የሚነካው ያኔ ነው። ሆርሞኑን የሚያከሽፍ ሌላ ኢንዛይምም አለ፤ ተራው ያልደረሰውን አካል ይከላከልለታል። አንዱ ዜናውን ገና በሹክሹክታ ይሰማል፣ ሌላው ካልጮኹበት አይሰማም።

ወደ አዮዲኑ ልመለስ፤ ቃል ገብቻለሁ። ዕጢው አዮዲን ካላገኘ ሆርሞን አይሠራም። ሆርሞን ከሌለ ደግሞ እጭ እንደሆነች ትቀራለች። ይህ ለእንቁራሪት ብቻ አይደለም። በሰው ልጅ ያው ሆርሞን፣ ቲ4ና ቲ3 ራሳቸው፣ የፅንስና የሕፃን አንጎል እንዲያድግ ያስፈልጋሉ። በደጋው ሀገር ዝናብ ለዘመናት ያጠበው አፈር አዮዲኑ አነስተኛ ነው። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚል ተረት ያለን ሕዝብ እንቅርትን በሩቅ አናውቀውም። ከአፍዴራ የሚመጣውም ጨው አዮዲን የሚጨመርበት ለዚሁ ነው። እናም አዮዲን ያለው ጨው ቦታው ባልዲው አይደለም፤ የእርስዎ ወጥ ነው። ያውም ከድስቱ ሊወርድ ሲል ቢጨመር ይሻላል፤ ብዙ ሲፈላ አዮዲኑ ይቀንሳል።

ጣና ዳር ስላለን አንድ ነገር ልጨምር። ውሃ ውስጥ የሚገቡ አንዳንድ ኬሚካሎች ዕጢው አዮዲን እንዳይወስድ ያግዳሉ። ፐርክሎሬት የሚባለው በዚህ ይታወቃል። እጭ ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር ቶሎ ታሳብቃለች። ኦኢሲዲ የሚባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት በ2009 ያወጣው የኬሚካል መፈተሻ መመሪያ አለው። የዜኖፐስ እጮችን ለ21 ቀን ኬሚካሉ ውስጥ አቆይቶ እግራቸው በጊዜው ማደጉንና የታይሮይድ ዕጢያቸውን ማየት ነው። ጓሮዎ ላይ ፀረ ተባይ የተረጨበት ውሃ ካለ ወደ ባልዲው አይቅረብ። የቧንቧ ውሃም ከሆነ ክሎሪኑ እንዲወጣ አንድ ቀን ክፍት ዕቃ ውስጥ አሳድረው ይጠቀሙ።

ባልዲውን ጥላ ሥር አያድርጉት፤ ቀትር ላይ ፀሐይ እንዳያፈላውም ይጠብቁ። ያልበሉትን ጎመን በየቀኑ ያውጡ። ጭራቸው ያለቀውን ልጅዎ ያመጣበት ደንገል ሥር መልሶ ይልቀቃቸው። ሌላ ኩሬ ውስጥ አይሆንም።

ልጁን ደግሞ አንድ ነገር እንዲጠብቅ ይንገሩት። የፊት እግሮች እንደ ኋላዎቹ ቀስ ብለው እያደጉ አይታዩም። ቆዳ ሥር፣ ስንጥቡ ባለበት ክፍል ውስጥ ተደብቀው ሙሉ እጅ ይሆናሉ፤ አንድ ቀን ቆዳውን ቀደው ይወጣሉ። የኋላ እግር ካላቸው መካከል ወፈር ያለውን ይምረጥና ጠዋት ጠዋት ከጭንቅላቱ ኋላ ያለውን ጎን ይይ። መጀመሪያ የሚታየው ከቆዳው ሥር እንደ ክርን የወጠረ ነገር ነው። በብዙዎቹ እጮች ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳ በግራ በኩል ስለሆነ ግራው እጅ በዚያ ሾልኮ ቀድሞ ብቅ ሊል ይችላል። የእነሱ የትኛው እንደቀደመ ቆጥሮ ይጻፍልኝ።